ከስልክ ጋር የሚሟገተው ባሌ

የሌላዋ ሴት ባል ይጠጣል፤ የሌላዋ ደግሞ ያመሻል። የእኔው ባል ከስልክ ጋር ይሟገታል። እዚህ ጎንደር፣ ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብላ፣ መንገድ ዳር ያለችውን የባሌን የቢያዝንን ፀጉር ቤት የማያውቅ ሰው የለም። መኖሪያችን ከኋላዋ ነው። እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ ጥልፌን ስጠልፍ እዚያ የሚባለው ሁሉ ጆሮዬ ይገባል። አልሰማም ብልስ ማን ይተወኛል? ሰውየው ሲጮህ እንኳን እኔ ጎረቤትም ይሰማል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ማርያምን፣ ሳገባው ዝምተኛ ነበር! ነገሩን ያመጣችብን የገዛ ልጃችን ሥርጉት ናት። ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚማረው ሎጂክ የሚባል ትምህርት ነበረባት። የተበላሸ ክርክር በምን እንደሚታወቅ የሚያስተምር ነው። እሷ ደግሞ ስታጠና ጮክ ብላ ካላነበበች አይገባትም። አባቷ ደንበኛ ሲጠፋ ይመጣና አጠገቧ ይቀመጣል። መጀመሪያ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ቀጥሎ «እስቲ ድገሚው» አለ። ከዚያ በቃ፣ ተለከፈ። ልጅቱ ፈተናዋን አልፋ ትምህርቱን ረሳችው፤ እሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልዳነም።

የእንግሊዝኛው ስም ምላሱ ላይ አልዞር ሲለው ለእያንዳንዱ ጥፋት የራሱን ስም አወጣለት። ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መስደብ «ሰውየውን መላጨት» ተባለ። «ሰው ሁሉ ብሎታልና እውነት ነው» የሚለው ደግሞ «ጥምቀተ ባሕር» ሆነ፤ በጥምቀት ዕለት ሰው ሁሉ ሲዘል አይቶ ዋና ሳይችል ውኃው ውስጥ የሚገባውን ጎረምሳ አስቦ ነው። እያስለቀሱ ማሳመን «ለቅሶ ቤት» ነው። ከትንሽ ነገር ተነሥቶ ዓለም ጠፋች እስኪባል የሚንከባለለውን ክርክር ደግሞ «ሊማሊሞ» ይለዋል። ከደባርቅ ወዲያ ያለውን ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ስሙ ወዲያው ይገባዋል።

ስሞቹን ካወጣ በኋላ የሚያርመው ሰው ያስፈልገው ነበር። እሱንም አገኘ። መለሰ የሚባል የዚሁ የጎንደር ሰው በዩቲዩብ በየቀኑ ፖለቲካ ይተነትናል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛ ይመታል፤ ተከታዩ ብዙ ነው። ቢያዝን ስልኩን መስተዋቱ ሥር ያቆምና እየላጨ ያዳምጠዋል። መለሰ አንድ ቀን፣ «መንገዱ እንዳይሰፋ የሚቃወመው ሰው ማን መሰላችሁ? ሚስቱን የፈታ ሰው ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን ደለቀው። ቢያዝን ማበጠሪያውን ወደ ላይ አነሣና፣

«ቁም!» ብሎ ጮኸ። «መንገዱን ከሚስቱ ጋር ምን አገናኘው? ሰውየውን ላጨኸው እኮ! የመንገዱ ነገር የታለ?»

ደንበኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ ያላደገ ሰው ሁሉ እየመጣ አግዳሚው ላይ ይደረደር ጀመር። መለሰ፣ «ዛሬ ባጃጅ ፒያሳ እንዳይቆም ከተከለከለ ነገ እግረኛ ይከለከላል፤ ከነገ ወዲያ ከቤት መውጣት ይከለከላል» ሲል፣ አግዳሚው በሙሉ በአንድ ድምፅ «ሊማሊሞ!» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ተሰጥዎ የሚመልሱ ነው የሚመስሉት።

አንድ ነገር ልመስክርለት፤ አድልዎ አያውቅም። የሚደግፈው ሰው ተሳስቶ ቢናገርም ማበጠሪያው ይነሣል። አንድ ቀን የማዳበሪያ ዋጋ ተወደደ ብሎ የሚጮህ ሌላ ተንታኝ ከፈተ። ቢያዝን እየሰማ «እውነቱን ነው፣ ሸጋ ብሏል» ሲል ቆየና ድንገት «ቁም!» አለ። «ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ያቀረብከው ማስረጃ አማትህ ስላለቀሱ ነው። ለቅሶ ቤት!» አለው። ስልኩም አይሰማ፣ ሰውየውም አይመልስ! እሱ ግን ልክ ፊቱ የተቀመጠ ይመስል ጣቱን ይቀስርበታል።

ጉዳቱ ግን ለእኛ ነው። አንድ ሙሽራ ለሠርጉ ሊላጭ መጥቶ ግማሹ ተላጭቶለት ሳለ መለሰ አንድ ነገር ተናገረ። ቢያዝን ቶንዶሱን አጥፍቶ ስልኩን ሲሟገት፣ መብራት እልም! ሙሽራው ባለ ግማሽ ጎፈሬ ቀረ። በመቀስ እየተለቃቀመ፣ አንደኛው ወገን ሜዳ ሌላኛው ተራራ ሆኖ ነው የተዳረው። እኔንም ቤት ውስጥ አይምረኝም። «ወይ ጣሪያውን አሠራ፣ ወይ ክረምቱ አልጋችን ላይ ይገባል» ስለው፣ «እንዴ አበቡ! ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው ያለሽ ማነው?» ብሎ ማበጠሪያውን አነሣብኝ። ክረምቱ ሎጂክ አልተማረም መሰለኝ፣ አልጋችን ላይ ገባ። እሱ በባልዲ ሲቀዳ እኔ እየሳቅሁም እየተሳደብሁም አደርሁ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ሥርጉት ተመርቃ ጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ፣ የመድኃኒት ክፍል ገባች። እዚያ ባምላክ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ተዋወቀች። በበቅሎ እየዞረ የገበሬውን በግና ከብት የሚያክም ልጅ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ጎንደር መጥቶ አይቼዋለሁ፤ ሲያወራ ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል፣ እሺ ባይ ልጅ ነው። ወደድሁት። ባለፈው ጊዜ ልጄ ለዕረፍት መጥታ ጎኔ ተቀመጠችና፣

«እማዬ፣ ባምላክ ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለችኝ።

እልል ልል አፌን ስከፍት እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«ቆይ እስቲ፤ አንድ ነገር አለ። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበታል። ያሳደገው አጎቱ ነው። አጎቱ ደግሞ መለሰ ነው።»

«የትኛው መለሰ?»

«ያ መለሰ ነዋ፣ እማዬ።»

ከጎንደር ሕዝብ መካከል፣ ከዚያ ሁሉ አጎት መካከል! መደበቅ ስለማይቻል በማግስቱ ምሳ ላይ ለአባቷ ነገርነው። የጎረሰውን ሳይውጥ አቆመ።

«የመለሰ ዘመድ? በመለሰ እጅ ያደገ ልጅ ምን ዓይነት ጭንቅላት ይኖረዋል? አይሆንም! ዛሬ ልጄን ብሰጥ ነገ ሰውየው ቤቴ ይገባል፤ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቼ ጠረጴዛ እየደለቁ ያድጋሉ!»

እኔና ሥርጉት ተያየን። ሁለታችንም የሰማነውን ሰምተናል። ሌላ ሰው በስልክ ይህን ቢናገር አግዳሚው በሙሉ «ሊማሊሞ!» ብሎ ይጮህበት ነበር። ልናገረው ስል ልጅቱ በጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝና ተውሁት። እሱ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሲሄድ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት።

«እንቢ ካለ አላገባም» አለችኝ። «ባምላክን እወደዋለሁ፤ ግን አባቴን አስቀይሜ የምገባበት ትዳር አይሆንልኝም።»

አንድ ልጄ ናት! ፀጉር ቤት ሄድሁና ደንበኛ ፊት፣ «ሽማግሌዎቹን ከደጅ ብትመልስ እኔና አንተ አንተዋወቅም» አልሁት። ሽማግሌ ከደጅ መመለስ ነውር መሆኑን እሱም ያውቃል። «ይምጡ፣ እሰማቸዋለሁ» አለ። «እሰማና እንቢ እላለሁ።» በእኛ አገር ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸም አይቀመጥም፤ ሳይቀመጥ ከወጣ ደግሞ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። የልጁ ወገን ተዋረድን ብሎ ይቀየማል፤ ሁለተኛ ልላክ ቢል የሚሄድለት ሽማግሌ አያገኝም። ስለዚህ የልጄ ነገር እነዚያ ሰዎች በመቀመጣቸውና ባለመቀመጣቸው ላይ ተንጠለጠለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ከፊት አያ ትዕዛዙ የሚባሉ፣ ከመካነ ብርሃን የወረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሽበታቸው ጥጥ የመሰለ፣ ዱላ የሚይዙ ትልቅ ሰው። ቀጥሎ የሰፈራችን ቄስ። ከኋላ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሦስተኛ ሰው ነበር። ጋቢው ዝቅ ሲል መለሰ ሆኖ ተገኘ። በስልክ ያ ሁሉ የሚያገሣ ሰው በአካል ሲታይ አጠር ያለ፣ መሬት መሬት የሚያይ ሆኖ አገኘሁት። ቢያዝን አይቶት ጥርሱን ነከሰ፤ ግን ለሥርዓቱ ያህል፣

«ኑ፣ ቁጭ በሉ» አለ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አያ ትዕዛዙ። እኔ በጓዳው በር ቆሜያለሁ፤ ሥርጉት ከመጋረጃው ኋላ ናት።

አያ ትዕዛዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ቢያዝን፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ከጃናሞራ ብርድ ወርጄ፣ ጉልበቴ እየታመመብኝ፣ ይኸው ደጅዎ ቆሜያለሁ። ይህን ሽበቴን አይተው፣ ይህን ዕድሜዬን አክብረው...»

ቢያዝንን አየሁት። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ቀኝ እጁ ኪሱን ይደባብሳል። እመቤቴ ሆይ፣ ማበጠሪያውን እየፈለገ ነው! «ተው» ብዬ በዓይኔ ጠቀስሁት፤ አላየኝም።

«...ለእኔ ለደካማው አዝነው...» ሲሉ አያ ትዕዛዙ፣

«ለቅሶ ቤት!» አለ ቢያዝን።

ቄሱ ግራ ገብቷቸው፣ «ምን አሉ፣ አቶ ቢያዝን?» ብለው ጠየቁት። አፉን ይዞ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ማስረዳት ጀመረ!

«አያ ትዕዛዙ፣ ጉልበትዎን ስላመመዎ ከልቤ አዝናለሁ። ግን የእርስዎ ጉልበት መታመም ልጁ ሸጋ ባል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሽበትዎም እንደዚያው ነው።»

«ሽበቴ?» አሉ አያ ትዕዛዙ። «ሽበቴ አይሆንም?» ዱላቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «በዚህ ሽበት ስንት ሰው አስታርቄያለሁ፣ ስንቱን ድሬያለሁ! እንሂድ ጃል፤ ሰው ቤት አይደለም የመጣነው!»

ወደ በሩ ዞሩ። ከመጋረጃው ኋላ ልጄ «ወይኔ» ስትል ሰማኋት። ይኼን ጊዜ መለሰ ቀስ ብሎ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ ሳይሆን በሌላ፣

«አቶ ቢያዝን፣ ጠቡ ከእኔ ጋር ከሆነ እኔ ልውጣ» አለ። «ፀጉር ቤትዎ ውስጥ ስለ እኔ የሚባለውን ሰምቻለሁ። ልጁ ግን እንደ እኔ አይደለም። ከበግ ጋር ነው የሚውለው፤ ከሰው ጋር መከራከር አያውቅም። ጥሩ ልጅ ነው።»

«የእርስዎን ቃል በምን ልመን?» አለ ቢያዝን። «እስከ ዛሬ ሳዳምጥዎ አንድ የቀና ክርክር ከአፍዎ ሲወጣ አልሰማሁም!»

ደሜ ፈላ። በሥርዓቱ ሽማግሌ ፊት ሴት አትገባም፤ ገባሁ።

«ቢያዝን!» አልሁት። «የአንተ ሽማግሌዎች እንፍራንዝ አባቴ ቤት ሲመጡ ምን ማስረጃ ይዘው ነበር? እስቲ ንገራቸው! አጎትህ ምን ነበር ያሉት? 'ልጁ ድሃ ነው፣ እናቱ አልጋ ከያዘች ቆየች፣ እዘኑለት' ነው ያሉት። እሳቸውም ሲያለቅሱ አባቴም አለቀሰ፤ አልቅሶ ሰጠኝ። ያ ለቅሶ ቤት አልነበረም? እና ክርክሩ የተበላሸ ስለነበር እኔ ሚስትህ አይደለሁም? ልብሴን ልጠቅልልና ዛሬውኑ እንፍራንዝ ልግባ?»

ቄሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ይስቁ እንደሆን አላውቅም፤ ትከሻቸው ግን ይነቃነቃል። እኔ ከጀመርሁ አልቆምም።

«መለሰ መከራከር አይችልም፤ ይሁን! አቶ መለሰ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን መለሰ 'ዛሬ ይዘንባል' ቢል፣ መለሰ ስላለው ብቻ ዣንጥላ አትይዝም? ሰው አንድን ነገር በጠማማ መንገድ ስላቀረበው ነገሩ ራሱ ውሸት ይሆናል ያለህ ማነው? አንተው ራስህ ያን የማዳበሪያውን ሰውዬ 'ነገሩ እውነት ነው፣ ማስረጃህ ነው የማይረባው' ስትለው ሰምቼሃለሁ! እስካሁን አጎቱን ላጨህ፣ ሽማግሌውን ላጨህ፤ ስለ ልጁ አንዲት ቃል ተናገርህ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን አይተኸዋል?»

ከመጋረጃው ኋላ ሥርጉት ልቅሶዋን ለማፈን ስትታገል ይሰማል። ቢያዝንም ሰማ። ዞሮ መጋረጃውን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው እልህ ሁሉ ሲወርድ አየሁት፤ በዚያች ሰዓት አሳዘነኝ።

«ተቀመጡ» አለ በቀጭን ድምፅ። «እሺ ብያለሁ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም!» አሉ አያ ትዕዛዙ።

ጉድ ፈላ! ሽማግሌ እሺ ተብሎ አልቀመጥም ሲል አይቼ አላውቅም። ቄሱ ክንዳቸውን ይዘው ቢጎትቷቸው ወይ ፍንክች።

«አልቀመጥም» አሉ ደግመው። «ሽበቴ ምክንያት ካልሆነ፣ ጉልበቴም ካልሆነ፣ እንግዲህ አንቱ ምክንያት ያምጡ! በምን ምክንያት ነው እሺ ያሉት? ሚስትዎ ስለተቆጡ ከሆነ እኔ አልቀበልም። ነገ ሲበርድልዎ ይሻራል። የልጁ ነገር ነው፤ ልጄን በቁጣ ላይ አልድርም።»

እውነታቸውን ነው። ሁላችንም ቢያዝንን አየነው። ሰውን ሁሉ ምክንያት ሲጠይቅ የኖረ ሰው መሬት መሬት ያያል። መለሰ እንኳ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ቢያዝን ጣቶቹን እርስ በርስ አሻሸ።

«የልጁን ሙያ ሰምቻለሁ፣ ሙያ ግን ባል አያደርግም» አለ። «ጠባዩንም አላውቀውም፤ አበቡ እንዳለችው ዓይኑን አላየሁትም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሥርጉት በፋሲካ መጥታ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ስልክ ተደወለላት። እኔ እዚያው ፎጣ ላወርድ ወጥቼ ከአንሶላው ወዲያ ቆሜ ነበር፤ አላየችኝም። «ባምላክ» ስትል ብቻ ሰማሁ እንጂ የሚባባሉትን አልሰማሁም። ትስቅ ነበር። እርጥቡ ልብስ ከእጇ ወድቆ አፈር ሲለብስ አላወቀችውም፤ ዝም ብላ ትስቃለች። ልጄን እንደዚያ ያሳቃት ሌላ ሰው የለም። እኔም አላሳቅኋት።»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ይኸው ነው ያለኝ» አለ። «ደካማ ማስረጃ ነው፤ አውቃለሁ። ሌላ የለኝም።»

አያ ትዕዛዙ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ዱላቸውን ለመለሰ አቀበሉና፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቄሱም ተቀመጡ። መለሰ ዱላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ቢያዝን ራሱ ወንበር ጎትቶ አስቀመጠው። ከመጋረጃው ኋላ ልጄ አሁን ድምፅዋን ለቅቃ ታለቅሳለች፤ እኔም እልል ማለቱን ትቼ፣ ሽማግሌ ሁሉ እያየኝ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።